እማዬን መጠበቅ

ጎረቤላ፣ አንኮበር
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለፀደንያ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ድረስ በደህና ይግባልሽ። እኔና እማዬ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ከብዶን ነበር፤ አለፈ። ገብሱም ዘንድሮ ያምራል። አንቺንም እመቤታችን ከክፉ ነገር ትሰውርሽ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ስንደዋወል እማዬ አጠገቤ ናት። ድምፁ ካልተጨመረ አይሰማትም፤ ሲጨመር ደግሞ እትዬ ይርጋለም ቤት ድረስ ይሰማል። ኔትወርኩም የሚመጣው ደስ ሲለው ነው። ረጋ ብዬ የምነግርሽን በወረቀት ባደርገው ይሻላል ብዬ ነው፤ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሰው ፖስታ ቤት ያደርስልኛል።

የእማዬ ዓይን እየደከመ ነው። ባለፈው ወር ምድጃው ዳር ተቀምጣ ሳለ የጋቢዋን ጫፍ ፍም ያዘው። አጠገቧ ስለነበርኩ ወዲያው በእጄ አጠፋሁት፤ እሷን አልነካትም። እንዲያውም በድንጋጤዬ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሒሳብ እያስተማርኩ በመሐል ጭስ ይሸተኛል። አንድ ቀን ልጆቹን፣ ጭስ ሸተታችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አልሸተተንም አሉኝ።

ስለዚህ ጥሩ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላኪልን። እዚህ የሚሸጠው ቶሎ ይበላሻል ይላሉ። እንጨቱ ከቤት ከወጣ እኔም ሐሳቤን እጥላለሁ።

በቪዲዮ ሳይሽ ከስተሽብኛል። ሥራው ነው ወይስ ምግቡ አልተስማማሽም? የእኔ ሥራ ደህና ነው። ልጆቹም ጎበዞች ናቸው።

ወንድምሽ ባየው


ካሰል፣ ጀርመን
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

በአባታችን ቦታ ሆነህ ላሳደግኸኝ ለጋሼ ባየው፣

ጤናህ እንዴት ነው? የእማዬስ ጉልበት? እኔ በጸሎታችሁ ደህና ነኝ። እዚህ ቅጠሉ ሁሉ ረግፎ ዛፉ ራቁቱን ቀርቷል፤ ፀሐይ ገና ከሰዓት በኋላ ትጠልቃለች።

ምድጃውን ገዝቻለሁ። ለገና ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አግኝቼ ሰጥቼዋለሁ። ከእሱ ጋር ለእማዬ ሙቅ ካልሲና የእግር ቅባት አለ። ቅባቱን ከታጠበች በኋላ እግሯን ቅባት፤ በጣቶቿ መካከል ግን አይደረግም።

መክሳቴ የሥራ ብዛት ነው። የምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ሠራተኛ አጥሮታል፤ የሁለት ሰው ሥራ እሠራለሁ። አሁን ደግሞ ጾም ገባ። ስለ እኔ አታስብ። አረጋውያኑ ይወዱኛል። ሔርታ የሚሏቸው አሮጊት አሉ፤ እኔ ካላጠብኳቸው ለማንም እጃቸውን አይሰጡም።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ።

ታናሽህ ፀደንያ


ጎረቤላ
ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፀደንያ፣

እንኳን ለጥምቀት በዓል በሰላም አደረሰሽ። ታቦቱ በሰላም ወጥቶ በሰላም ገብቷል።

ምድጃው ደርሶናል፤ እጅሽ ይባረክ። እማዬ ግን እሳት የማይታይበት ምድጃ አይሞቀኝም ብላ እንጨቷን አልተወችም። አሁን ሁለቱም አሉ። ጠዋት ስወጣ ፍሙ ላይ ውኃ አፈስበታለሁ፤ ምድጃውን ነቅዬ ቆጣሪውን አጠፋለሁ። ግማሽ መንገድ ስደርስ ማጥፋቴ ያጠራጥረኛል። ማጥፋቴን አውቃለሁ፤ ግን አላውቅም። ስለዚህ እመለሳለሁ። ርዕሰ መምህሩ አዝኖልኝ ክፍለ ጊዜዬን ወደ ከሰዓት አዛውሮልኛል።

እናንተ ዘንድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የቤቱን ውስጥ በስልክ የሚያሳይ ካሜራ አለ አሉ። አረጋውያን ክንዳቸው ላይ የሚያስሩት፣ ሲወድቁ የሚጮህ ነገር እንዳለም አንድ ጊዜ ነግረሽኛል። ሁለቱን ብትልኪልን ከዚህ በኋላ አላስቸግርሽም።

እማዬ ደህና ናት። ሳል የላትም፤ ራስ ምታት የላትም፤ ትበላለች፤ ትተኛለች። በጣም ደህና ናት።

ወንድምሽ ባየው


ካሰል
መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ለጋሼ፣

ሰላም ላንተና ለእማዬ ይሁን። የጾሙ ወራት የበረከት ይሁንላችሁ።

ካሜራውን ገዝቼው ነበር። ካርቶኑ አልጋዬ ሥር ተቀምጧል። ከመላኬ በፊት ግን የደበቅሁህን ልንገርህ። ይህን ስጽፍ ፊቴ እንደ እሳት እየነደደ ነው፤ ባታየኝም አፍሬሃለሁ።

ያከሳኝ ጾም አይደለም፤ ሥራም አይደለም። ምግብ አልወርድ ካለኝ ቆይቷል። ጉሮሮዬ ላይ የባቄላ ፍሬ የተሰነቀረ ይመስለኛል። ዳቦ ስቆርስ ይዘጋል። ሐኪሞች በመሣሪያ ገብተው አዩት፤ ምንም የለም። ደሜን መረመሩ፤ ደህና ነው። በመጨረሻ አንዱ ሐኪም፣ የሚያስፈልግሽ የሚያዳምጥሽ ሰው ነው ብሎ ወደ ሌላ ሕክምና ላከኝ። ሳይኮአናሊሲስ ይሉታል። የአእምሮ ሕክምና ነው መባሉን ስሰማ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። አበድኩ ማለት ነው ብዬ።

ሐኪሟ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። በጀርባሽ ተኚ ትለኛለች፤ እሷ ከራስጌዬ በኩል፣ ዓይኔ በማያያት ቦታ ትቀመጣለች። ከዚያ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። ወደ ልቤ የመጣውን ሁሉ ሳልመርጥ እንድናገር፤ የማይረባውንም፣ የሚያሳፍረውንም። ጋሼ፣ እኔና አንተ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሰምተን አናውቅም። ያደግነው 'ዋጥ አድርጊው' እየተባልን ነው። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ አወራሁላት። ስለ አውቶቡሱ አወራሁላት። ወሬ ሲያልቅብኝ ዝም አልኩ፤ እሷም ዝም አለች። ምክር አትሰጥም። አይዞሽም አትልም። በጣም አናደደችኝ።

አንድ ቀን ስለ ሔርታ አነሳሁ። ሌላ ከተማ የምትኖር ልጅ አለቻቸው። በየወሩ አበባ ትልክላቸዋለች፤ ራሷ ግን አትመጣም። ሠራተኞቹ 'አበባ የምትልከዋ ልጅ' ብለን ስም አውጥተንላታል። አበባው በመጣ ቁጥር እንስቃለን። ከሁሉ አብልጬ የምስቀው እኔ ነኝ። ይህን እያወራሁ ሳለሁ ትዝ አለኝ፤ ጉሮሮዬ የተዘጋው እንደዚያ ስቀን ለምሳ በተቀመጥንበት ቀን ነው። ለሐኪሞቹ ሁሉ ከጉንፋን በኋላ ጀመረኝ ስል ነበር የከረምኩት። ውሸት ብዬ አይደለም፤ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ሐኪሟ፣ 'አበባ የምትልከው ማን ናት?' አለችኝ። የሔርታን ልጅ ስም ነገርኳት። ስሙ ከአፌ እንደ ወጣ፣ 'እኔ ነኝ' አልኩ።

የሰው እናት አጥባለሁ፣ አጎርሳለሁ፤ ለራሴ እናት ምድጃና ካልሲ እልካለሁ። ይህን ነው ስውጠው የኖርኩት። በአገርሽ ቋንቋ መዋጥን ምን ትሉታላችሁ አለችኝ። እኛ እህልም እንውጣለን፣ ነገርም እንውጣለን፣ ዕንባም እንውጣለን አልኳት። 'አንዱ ሲበዛ ሌላው ማለፊያ ያጣ ይሆን?' አለች።

እነሱ እንደሚያስቡት ጭንቀትም ሆነ የማይለቅ ሐዘን ከሜዳ አይመጣም። ሰው ሊያየው ያፈረውን ነገር ከራሱ ይሸሽገዋል። የተሸሸገው ግን አይሞትም፤ በሌላ በር ይመለሳል። አንዱን በጉሮሮው ይይዘዋል፣ አንዱን በእንቅልፍ ማጣት፣ ሌላውን ራሱን ያለ ልክ በመውቀስ። ይህ ለሁሉም ሕመም መፍትሔ ነው አይሉም፤ መድኃኒት የሚያስፈልገውም አለ። እኔም አልዳንኩም። ሾርባ ግን ይወርድልኝ ጀምሯል።

በቀደም ስንደዋወል እማዬ፣ 'ወንድምሽ ከትምህርት ቤቱ መንገድ መሐል ይመለሳል' ስትል ስልኩን ከእጇ ወሰድክ። ካሜራውን ያልላክሁት ለዚህ ነው። ምድጃው ሲመጣ እሱም የሚጠበቅ ሌላ ነገር ሆነብህ። የምልከው ሁሉ የእኔ አበባ እንዳይሆን ፈራሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትለኝ የነበርከው አንተ ነህ። ምን ሆነህብኝ ነው?

እህትህ ፀደንያ


ጎረቤላ
ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፀደንያ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

የዘገየሁት መንገድ ተዘግቶ ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ተዘግቶም ነበር፤ ከተከፈተ ግን ቆይቷል።

የጻፍሽውን አንብቤ ወረቀቱን እማዬ እጅ እንዳይገባ ደበቅሁት። ማንበብ እንደማትችል ረስቼ ነው። የእናትሽን ስም ለማታውቂያት ሴት፣ ያውም ተኝተሽ፣ ትናገሪያለሽ። እኛ ገመና የሚባል ነገር አለን። አባባ ታሞ ዓመት ሙሉ ሲተኛ እማዬ ለጎረቤት እንኳ አንድ ቀን ከፋኝ ብላ አልተናገረችም። የሚያስጨንቅሽ ነገር ካለ የነፍስ አባት አለሽ። መምሬ ወልደተንሣኤ ያጠመቁሽ ሰው ናቸው፤ ስትደውዪላቸው ደስ ይላቸዋል። ሕልም እንደ ፈቺው ነው። ሴትዮዋ ፈታችልሽ፣ አንቺም አመንሽ።

እኔ ደህና ነኝ። እናትን መንከባከብ በሽታ ከሆነ፣ ይህን በሽታ ላንቺም ይስጥሽ።

ካሜራውን ተይው።

ባየው


ካሰል
ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ባየው፣

ክረምቱን በሰላም ያሻግራችሁ። እማዬ ከዝናቡ ትጠበቅ።

ደብዳቤህን አንብቤ ብዙ ቀን ከማንም ጋር አላወራሁም። 'ይህን በሽታ ላንቺም ይስጥሽ' ያልከው ልክ ነው። ይቅርታ እንድትጠይቀኝ አልፈልግም። መቆጣትህ ከዝምታህ ይልቅ ተሻለኝ፤ ከተሰናበትን ወዲህ እንዲህ እውነቱን የነገርከኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። ሐኪሟ ለዕረፍት ልትሄድ ነው። ይህን ከነገረችኝ ወዲህ አርፍጄ መሄድ ጀመርኩ። ሄጄም አልናገርም። 'በመሄዴ የተቆጣሽብኝ ይመስላል' አለችኝ። ሳቅሁ። ለእረፍት የሚሄድን ሰው ማን ይቆጣል አልኳት። ከዚያ ሳላስበው የታየኝ እኔ የሄድኩበት ቀን ነው። አንተ እያለቀስክ ሻንጣዬን መኪና ላይ ስትጭን፣ እማዬ ደጅ ቆማ፣ 'ሂጂ፤ ወደ ኋላ አትዪ' አለችኝ። አላለቀሰችም። ጋሼ፣ ያን ቀን ጠላኋት። እስከ ዛሬ አላወቅሁትም ነበር። የምወዳት እናቴን እንዴት እጠላለሁ? እንዲህ ያለ ልጅ ምን ትባላለች? ሐኪሟ ግን አልደነገጠችም። መጥላትና መውደድ አንድ ልብ ውስጥ አብረው ያድራሉ፤ የሚያሳምመው አንዱ የለም ብለን ስንምል ነው አለችኝ።

መምሬ ወልደተንሣኤ በሐሳብ የተሠራውንም ኃጢአት እንደሚሰሙ አውቃለሁ። እሳቸው ፊት ግን ቶሎ አስረክቤ፣ ይቅር ተብዬ መውጣት ነው የምፈልገው። እዚህ ይቅር የሚለኝ ስለሌለ፣ የተናገርኩትን ነገር ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ልዩነቱ ይህ ይመስለኛል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም።

እኔ ሐኪምህ አይደለሁም፤ ልሁንም ብል አልችልም። እህትህ ነኝ። መልስ ባትጽፍልኝም እጽፍልሃለሁ።

ፀደንያ


ጎረቤላ
መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፀደንያ፣

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልሽ። ይህን ደብዳቤ ጀምሬ የተውኩት ብዙ ጊዜ ነው። ያን ያህል ክፉ ቃል ለጻፈልሽ ሰው በደግ ቃል መመለስሽ ዓይኔን መሬት ላይ ተክሎታል።

በሰኔ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነበር፤ እኔ ፈታኝ ነበርኩ። ወረቀቱን አድዬ ጥቂት እንደቆየሁ ጭሱ ሸተተኝ። የለም፣ የለም እያልኩ በመስኮቱ አጠገብ ቆምኩ። አልቻልኩም። ክፍሉን ጥዬ ሮጥኩ። እማዬ ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ስመለስ ልጆቹ ሲኮራረጁ ርዕሰ መምህሩ ደርሶባቸዋል። ፈተናው ተሰረዘ፤ በሌላ ቀን እንዲቀመጡ ሆነ። ወላጆች ተሰብስበው መምህሩ አብዷል አሉ። ልጆቹ 'ተመላሹ' የሚል ስም ካወጡልኝ ቆይተዋል፤ እኔ ነኝ የመጨረሻው ሰሚ። ከማስተማር አገዱኝ። አንቺ ደብዳቤዬን ያነበብሽው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እኔ ደህና ነኝ ብዬሻለሁ።

ክረምቱን እቤት ዋልኩ። እማዬ ከፊቴ እያለች ፍርሃቱ የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር። ባሰብኝ። ትንፋሿን እሰማለሁ። ስትነሳ እነሳለሁ። ደጅ ስትወጣ እከተላለሁ።

አሁን የምጽፍልሽን ስታነቢ እንዳትንቂኝ። አንድ ቀን ምሳ እየበላን ትን አላት። ሳሏ ከብዶ ዓይኗ ዕንባ አቀረረ። እኔ ተቀምጫለሁ። ፀዱ፣ ወዲያው አልተነሳሁም። በልቤ አንድ ቃል አለፈ፤ 'ያልፍልኛል' የሚል። ከዚያ ዘልዬ ተነሳሁ፤ ጀርባዋን መታሁላት፤ ውኃ አጠጣኋት፤ ተነፈሰች። ከቤት ጀርባ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቼ የበላሁትን ሁሉ አስመለስኩት። እናቱ እስክትሞት የሚጓጓ ልጅ ሆንኩ ብዬ መሬቱ ቢውጠኝ ወደድኩ።

እዚያው ቆሜ ያንቺ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። ያ ቃል አዲስ አልነበረም። ክፍል ውስጥ ጭሱ ሊሸተኝ ሲል፣ ከእሱ በፊት ሽው የሚል ነገር ነበር። የምሮጠው እሱን ለመቅደም ኖሯል። የጀመረኝም ጋቢው በተቃጠለ ጊዜ አይደለም። ላንቺ ያልነገርኩሽ ሊያ የምትባል መምህርት ነበረች። ደብረ ብርሃን ተዛውራ፣ ለእኔም ቦታ አግኝታልኝ፣ ና አለችኝ። ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ አትሂድ አላለችኝም። 'እንደ ፈቀድህ' አለች። አትሂድ ብትለኝ ኖሮ እሟገታት ነበር። እንደ ፈቀድህ ስትለኝ ቀረሁ። ሊያ አሁን አግብታ ወልዳለች። ማንንም አልተቆጣሁም ነበር፤ ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

መምሬ ወልደተንሣኤ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። እሳቸው ራሳቸው፣ ሐኪምም ይይህ ብለው ሸኙኝ። ደብረ ብርሃን አፊፋ የምትባል የአሊዩ አምባ ከተማ ልጅ አለች፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ናት። ከመግባቴ በፊት የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ መንገዱ ማዶ ብዙ ቆሜያለሁ። እንዳንቺ ሐኪም አታስተኛም፤ ፊት ለፊት ነው የምንቀመጠው። ብዙ ሰው የሚታመመው ሕመም ነው ብላ መድኃኒት ጀመረችልኝ፤ በየጊዜውም ታስወራኛለች። ያን ሐሳብ ስነግራት አልደነገጠችም። እኔ ደነገጥኩ፤ እሷ ጻፍ ጻፍ አደረገችና፣ ቀጥል አለችኝ።

ከዚያ በመስቀል ማግስት ከእማዬ ጋር ደጅ ተቀምጠን፣ 'እማዬ፣ ደክሞኛል' አልኳት። ይህን ቃል ብያት አላውቅም።

'እኔም ደክሞኛል' አለች። 'ዘወር ስል አንተ ነህ። ስተነፍስ ታዳምጠኛለህ። ልጄ፣ የምትጠብቀው እኔን ነው ወይስ ሞቴን?'

መዋሸት አቃተኝ። 'ሁለቱንም' አልኳት።

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። የምታለቅስ ወይም የምትረግመኝ መስሎኝ ነበር። እጄን ይዛ፣ 'አባትህን ሳስታምም እኔም እንዲሁ ነበርኩ' አለች። 'ትንፋሹን ሳዳምጥ፣ እንዲቀጥል ይሁን እንዲቆም የማላውቅበት ቀን ነበር። ለማን ይነገራል? ሲሞትም አላለቀሰችም ብለው አሙኝ። ባለቅስ የሚያውቁብኝ ይመስለኝ ነበር።' ከዚያ ፀሐዩ እስኪዞር ተቀመጥን።

ምንም ዕቃ አትላኪ። እስከ ዛሬ ነይ ብዬሽ አላውቅም። አልችልም እንዳትይኝ ፈርቼ፣ በፋንታው ምድጃ ላኪ፣ ካሜራ ላኪ እላለሁ። አሁን ልበልሽ፤ ነይ። ጥቂት ወር ብቻ እማዬን ተካፈይኝ።

ወንድምሽ ባየው


ካሰል
ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ፣

ሰላምና ጤና አይለያችሁ።

ደብዳቤህን ወንበር ላይ ተቀምጬ ጀመርኩት፤ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት። አልናቅሁህም። እንዲያውም እስከ ዛሬ የማላውቀውን ወንድሜን ያገኘሁት ይመስለኛል።

መልሴን ግን እውነቱን ልጻፍልህ። መምጣት አልፈልግም። ይህን ቃል ስጽፍ አገጬ ደረቴ ላይ ነው። ስንቱን አሮጊት አጥባለሁ፤ የእማዬን ገላ ሳጥብ እሷም ከእነሱ እንደ አንዷ ሆና እንዳትሰማኝ እፈራለሁ። ስደርስ ዛሬም ፊቷን እንዳታጠቁርብኝ እፈራለሁ። ከሁሉ ይልቅ ከመጣሁ በኋላ መመለስ እንዳያቅተኝ፣ ወይም ለመመለስ እንዳልቸኩል እፈራለሁ።

ይህን ሁሉ ለሐኪሟ ነገርኳት። ሂጂ እንድትለኝ ፈልጌ ነበር። አላለችኝም። ቅሪም አላለችኝም። ከእሷ ቤት ስወጣ ተናድጄ ነበር፤ ግን ራሴ ወሰንኩ። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቄ እስከ ሰኔ ሰጥተውኛል። በጥር እመጣለሁ። እዚያም ሆኜ ከሐኪሟ ጋር በስልክ እንድንቀጥል ተስማምተናል፤ ኔትወርኩ ደስ ካለው ማለት ነው።

ዳቦ አንዳንድ ቀን ይወርድልኛል። አንዳንድ ቀን አይወርድም። ስመጣ ብዪ ብዪ እያላችሁ አታስጨንቁኝ።

ፀደንያ


ጎረቤላ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፀደንያ፣

መንገድሽን መድኃኔ ዓለም ያቅናልሽ።

ደብዳቤሽን ለእማዬ አነበብኩላት። መምጣት አልፈልግም ያልሽውን ልዝለለው ብዬ አፌ ተሳስሮ ነበር፤ አልዘለልኩትም። ሰምታ ጥቂት አሰበችና፣ 'ስትመጣ የምንኮራረፍ ይመስለኛል' አለች። 'ይሁን። ቤት ውስጥ የሚያኮርፍ ሰው ከጠፋ ቆይቷል።' ቀጥላም አልጋሽን ከመስኮቱ አርቄ እንዳዞረው አዘዘችኝ፤ ብርዱን ረስታዋለች ብላ።

ወደ ክፍል መልሰውኛል፤ ለጊዜው ጥቂት ክፍለ ጊዜ ነው የሰጡኝ። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ተያይተው ሳቁ። እኔም ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ፤ ከዚያ ጠመኔውን አንሥቼ ጀመርኩ። ጭሱ አንዳንድ ቀን አሁንም ይመጣል። ሲመጣ ሰሌዳውን ይዤ ቆሜ አሳልፈዋለሁ፤ የማላሳልፈው ቀንም አለ። ባለፈው ሳምንት ሮጬ መጥቼ እማዬን እትዬ ይርጋለም ቤት አገኘኋት። ሂድ ወደ ሥራህ ብላ ሰው ፊት ተቆጣችኝ።

የምትመጪበትን ቀን በስልክ በላክሽልኝ ትኬት ላይ አይቼዋለሁ። እዚህ የምትደርሺው ከሰዓት ነው። የእትዬ ይርጋለም ልጅ መናኸሪያ ወጥቶ ሻንጣሽን ይይዝልሻል። እኔ ልቀበልሽ አልመጣም፤ በዚያ ሰዓት ክፍል አለኝ። ቤት ስትገቢ እማዬ ብቻዋን ናት።

ወንድምሽ ባየው